ወጣት ሆኖ ከአንጀት ካንሰር ጋር መኖር

ሰገራው ላይ ደም ያየ የ32 ዓመት ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ኪንታሮትን ነው። የሚያማክረው ጓደኛም ኪንታሮት ይለዋል፤ ከፋርማሲ ቅባት ይገዛል፤ ሐኪሙም ብዙ ጊዜ ከዚህ የተለየ ነገር አይነግረውም። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ሁሉም ልክ ናቸው። በዚህ ዕድሜ ደም ከካንሰር ይልቅ በኪንታሮት ወይም በፊንጢጣ መሰንጠቅ የሚመጣበት አጋጣሚ እጅግ ይበዛል። ጣጣው ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ ዘወትር ልክ የሚሆን ግምት አንድ ቀን ሲስት የሚጠረጥረው አይኖርም። ቅባቱ ይቀየራል፣ ወራት ይነጉዳሉ፣ ሰውየው ይከሳል፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው ይላል።

በእኛ አገር ከኪንታሮት ሌላ ሁለት ዝግጁ መልሶች አሉ፤ ጨጓራና አሜባ። ሆዱን ቆርጦት ክሊኒክ ገብቶ፣ ሰገራ ሰጥቶ፣ «አሜባ ታይቷል» የሚል ወረቀትና የጥቂት ቀን መድኃኒት ይዞ ያልወጣ የከተማ ሰው ጥቂት ነው። መድኃኒቱን ሲጨርስ ሻል ይለዋል፤ ሲመለስበት ሌላ ክሊኒክ ይሄዳል፤ እዚያም ታሪኩን ከሀ ይጀምራል። አራት ክሊኒኮች ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩታል እንጂ ለአራተኛ ጊዜ ያየው አንድም ሐኪም የለም። ሕመሙ እየተመላለሰ መሆኑን የሚያውቀው ራሱ ታማሚው ብቻ ነው።

በወጣትነት የሚይዝ የአንጀት ካንሰር ሕክምናው በእርጅና ከሚይዘው ብዙ አይለይም። የሚለየው ጊዜ ነው። ዕድሜው ራሱ ምርመራውን ያዘገያል፤ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ታማሚው ሕክምናው ጥሎት ከሚሄደው ነገር ጋር 40 ወይም 50 ዓመት ሊኖር ይችላል። በ75 ዓመት አዛውንት ዳሌ ላይ የሚሰጥ ጨረርና በ29 ዓመት ሴት ዳሌ ላይ የሚሰጥ ጨረር በመጠን አንድ ቢሆኑም የሚያስከፍሉት ዋጋ አንድ አይደለም። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ዕጢው የማወራውን ያህል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ስለ ቀሪው ዕድሜ አወራለሁ።

ቁጥሩ ምን ይላል

የአንጀት ካንሰር ሲባል በትልቁ አንጀት፣ ማለትም በደንዳኔና ከእርሱ ቀጥሎ እስከ ፊንጢጣ ባለው የመጨረሻ ክፍል ላይ የሚነሣው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እድገት ነው። አብዛኞቹ ፖሊፖች ምንም ሳይሆኑ ይቀራሉ፤ ጥቂቶቹ ግን 10 ዓመት በሚያህል ጊዜ ውስጥ ወደ ካንሰር ይለወጣሉ። ይህ ረጅም ጊዜ ትልቅ ዕድል ነው፤ ፖሊፑ በጊዜ ከታየ በምርመራው ሰዓት እዚያው ተቆርጦ ይወጣል፤ ካንሰሩም ሳይፈጠር ይቀራል።

በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 1.9 ሚሊዮን ሰዎች በዚህ ካንሰር መያዛቸው ታውቋል፤ ከ900 ሺህ በላይ ሞተዋል። አብዛኞቹ ዛሬም ከ50 ዓመት በላይ ናቸው። ይሁንና በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 ከአዳዲስ ታማሚዎች 11 በመቶ የሚሆኑት ከ55 ዓመት በታች የነበሩ ሲሆን፣ በ2019 ድርሻቸው 20 በመቶ ደርሷል። እዚያው አገር በ1990 ገደማ የተወለደ ሰው በ1950 ገደማ ከተወለደ ሰው በተመሳሳይ ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር በደንዳኔ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ሁለት እጥፍ፣ በፊንጢጣው ክፍል ካንሰር ደግሞ አራት እጥፍ ነው። ከ50 ዓመት በታች ባሉ አሜሪካውያን ወንዶች ዘንድ ከካንሰሮች ሁሉ ብዙ ሰው የሚገድለው ይኸው ሆኗል።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ ሲጋራ፣ አልኮል፣ ቁጭ ብሎ መዋልና እንደ ሞርታዴላ ያሉ በፋብሪካ የተዘጋጁ ሥጋዎች ተጋላጭነትን እንደሚጨምሩ ይታወቃል። ጥሬ ሥጋ ወዳዶች ሁልጊዜ ስለሚጠይቁ፦ ከካንሰር ጋር የሚያያዘው የቀይ ሥጋው ብዛት ነው፤ ጥሬነቱ የሚያመጣው ኮሶን ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ከ11 አገሮች በተሰበሰቡ ዕጢዎች ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ ሌላ ተጠርጣሪ አቅርቧል። አንዳንድ በአንጀት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ኮሊባክቲን የተባለ መርዝ ያመነጫሉ፤ ይህ መርዝ በዘረመል ላይ የሚተወው ጠባሳ ከ40 ዓመት በፊት በታመሙ ሰዎች ዕጢ ላይ ከ70 ዓመት በኋላ ከታመሙት በ3.3 እጥፍ በልጦ ተገኝቷል። ጠባሳው የሚያርፈው በልጅነት እንደሆነ ተመራማሪዎቹ ይገምታሉ። ብዙ ወጣት ታማሚዎች አያጨሱም፣ አይጠጡም፣ ቀጭን ናቸው። ታማሚ ሊጠይቅ ሄዶ «ምን እየበላህ ነው የታመምከው?» የሚል ዘመድ ይህን ቢያውቅ ደግ ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ፣ በአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ መሠረት የአንጀት ካንሰር በወንዶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ከቀዳሚዎቹ ተርታ ነው። ከሕዝቡ አብዛኛው ወጣት ስለሆነም በካንሰር ክፍሎች ወረፋ ላይ ወጣት ፊት መብዛቱ አያስገርምም። በዕድሜ ተወስኖ ጤነኛውን ሰው የሚጠራ አገር አቀፍ የቅድመ ምርመራ መርሐ ግብር ግን የለም። በአሜሪካ የአገሪቱ የካንሰር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018፣ የመከላከያ ሕክምና መሪ ኮሚቴው ደግሞ በ2021 የመጀመሪያውን ምርመራ ከ50 ወደ 45 ዓመት ዝቅ አድርገውታል፤ መድን ያላችሁ የዲሲና የሚኒሶታ አንባቢዎች 45 ከሞላችሁ ይህ ምርመራ በመድናችሁ የሚሸፈን መብታችሁ ነው። እንግሊዝ በ50 ትጠራለች። የ32 ዓመቱን ሰው ግን ማንም አይጠራውም። እርሱን የሚጠራው ምልክቱ ብቻ ነው።

ምልክቱ

በሴንት ሉዊስ የሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት ከ50 ዓመት በታች ያሉ ታማሚዎችን የሕክምና መዝገብ ወደ ኋላ ሄደው ተመለከቱ። ካንሰሩ ከመታወቁ ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት ቀደም ብሎ አራት ነገሮች ተደጋግመው ተመዝግበው አገኙ፦ የሆድ ሕመም፣ ከፊንጢጣ የሚወጣ ደም፣ ተቅማጥና በብረት ማዕድን እጥረት የሚመጣ ደም ማነስ። ከእነዚህ ከአንድ በላይ ሲደራረብ ጥርጣሬውም ይጨምራል።

ከአራቱ በቀላሉ የሚታለፈው ደም ማነሱ ነው። ለወጣት ሴት በወር አበባ ይሳበባል፤ ለነፍሰ ጡር በእርግዝና፤ ለወንድ በአመጋገብ። የብረት ኪኒን ይታዘዛል፤ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ፋይሉ ይዘጋል። የሚያፈስ ነገር ሳይፈለግ የጎደለውን ብቻ መሙላት ማለት ነው። በተለይ ወንድ ልጅ የብረት እጥረት ሲገኝበት ደሙ የት እንደሚሄድ መጠየቅ ግድ ነው፤ አንጀት ደግሞ በዓይን የማይታይ ደም ለወራት ሊያፈስ ይችላል።

እንግዲህ ደሙ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ካልቆመ ወይም እየተመላለሰ ከሆነ፣ የመጸዳጃ ልማድ ያለ ምክንያት ተለውጦ ከሰነበተ፣ ወይም ሰውነት ያለ ጥረት ከቀነሰ፣ ወደ አዲስ ክሊኒክ ሳይሆን ወደዚያው ሐኪም ተመልሶ «በዚህ ጉዳይ ስመጣ ሦስተኛዬ ነው፤ ካንሰር አለመሆኑን በምን እናረጋግጥ?» ማለት ያስፈልጋል። መነሻው ቀላል ነው፦ በጓንት በተሸፈነ ጣት ፊንጢጣን መመርመር፣ ደም ማነስ መኖሩን የሚያሳይ የደም ምርመራ፣ በሰገራ ውስጥ የተሸሸገ ደም የሚያሳይ ምርመራ። ኪንታሮት አለብህ የተባለ ሰው ማንም ሳይመረምረው ከተባለ፣ አልተመረመረም።

ቁርጡን የሚያሳየው ኮሎኖስኮፒ ነው፤ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ በፊንጢጣ ገብቶ ትልቁን አንጀት እስከ ጥግ ያያል። እውነቱን ለመናገር ከምርመራው የሚከብደው ዝግጅቱ ነው። የብረት ኪኒን ከሳምንት በፊት ይቆማል፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ተልባ ከጥቂት ቀናት ቀደም ብለው ይተዋሉ፤ በዋዜማው ጠጣር ምግብ ይቀርና በሊትር የሚለካ የሚያስቀምጥ መድኃኒት በብርጭቆ በብርጭቆ ይጠጣል። ጨው ጨው ይላል፤ ከሦስተኛው ብርጭቆ በኋላ ያስመርራል፤ ቀዝቀዝ ሲል ይቀላል። የሚወጣው ፈሳሽ ጠርቶ ወደ ቢጫ ውኃ ሲለወጥ አንጀቱ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ምርመራው ራሱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች ይፈጃል፤ ማደንዘዣ ከተሰጠ ብዙው አይታወስም።

መናገርና መደበቅ

አሜሪካዊው የፊልም ተዋናይ ቻድዊክ ቦስማን ደረጃ 3 (በአቅራቢያው ወዳሉ ንፍፊቶች የደረሰ) የደንዳኔ ካንሰር እንደያዘው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ነበር። ለሕዝብ አልተናገረም። በቀዶ ሕክምናና በኬሞቴራፒ መካከል ትልልቅ ፊልሞችን ሠራ፤ ነሐሴ 2020 በ43 ዓመቱ ሲሞት ዓለም መታመሙንም መሞቱንም በአንድ ጊዜ ሰማ። በዚያው በ2016 መጨረሻ በእንግሊዝ ዲቦራ ጄምስ የተባለች የ35 ዓመት ምክትል ርእሰ መምህርት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ወደ ሩቅ አካል የተሻገረ፣ ደረጃ 4 የሚባለው የአንጀት ካንሰር እንደያዛት ተነገራት። እርሷ ደግሞ ምንም አልደበቀችም። ስለ ሰገራ በሬዲዮና በጋዜጣ ያለ እፍረት አወራች፤ ከ5 ዓመት በላይ ኖራ ሰኔ 2022 በ40 ዓመቷ ዐረፈች፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ያቋቋመችው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ከ6 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አስገኝቷል።

ከሁለቱ የትኛው ልክ ነበር ብሎ መዳኘት የማንም ሥራ አይደለም። ሁለቱም ለማን፣ ምን ያህል እንደሚናገሩ ራሳቸው መርጠዋል። በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ምርጫው ከታማሚው ይወሰዳል። ሐኪሙ ታላቅ ወንድሙን ወይም አባቱን ወደ ጎን ጠርቶ ይነግራል፤ ቤተሰቡ «እንዳይደነግጥ» ብሎ ይማከራል፤ የ28 ዓመት ጎልማሳ አንጀቱ ቆስሎ ነው ተብሎ ኬሞ ይጀምራል። ይህ ከፍቅር የሚመጣ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ካንሰር መሆኑን የማያውቅ ሰው የዘር ፈሳሹን ወይም እንቁላሏን የማስቀመጥ ጥያቄ ሊያነሣ አይችልም፤ እጁ ሲደነዝዝ ለሐኪሙ መናገር እንዳለበት አያውቅም፤ እጮኛውን ምን ብሎ እንደሚያነጋግር አያውቅም። ለአዛውንት የሚደረገው ይህ ከለላ ለወጣት ሲደረግ ቀሪ ዕድሜውን በሌላ ሰው ውሳኔ እንዲኖር ማድረግ ይሆናል።

ከመጀመሪያው መርፌ በፊት

በኮሎኖስኮፒው ጊዜ ከዕጢው የተወሰደው ናሙና ውጤት ካንሰር መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ደረጃው በሲቲ ስካን፣ ዕጢው ወደ ፊንጢጣ የቀረበ ከሆነ ደግሞ በኤም አር አይ ጭምር ይለያል። ደረጃ 1 እና 2 ካንሰሩ አንጀቱ ዙሪያ ሳይርቅ ሲቀር ነው፤ ደረጃ 3 በአቅራቢያው ወዳሉ ንፍፊቶች ሲደርስ፤ ደረጃ 4 ወደ ጉበት፣ ሳንባ ወይም ሌላ ሩቅ አካል ሲሻገር። በአሜሪካ መረጃ አንጀቱ ላይ ብቻ እያለ ከተገኘባቸው 10 ሰዎች 9ኙ ያህል ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት አሉ፤ ወደ ሩቅ አካል ከተሻገረ ቁጥሩ ወደ አንድ ወይም ሁለት ይወርዳል። ወጣቶች ዘግይተው የመታወቃቸው ክፋት እዚህ ላይ ይታያል። ያም ሆኖ ደረጃ 4 ሁሉ አንድ አይደለም፤ ጉበት ላይ ያሉት ጥቂት እብጠቶች ተቆርጠው ከወጡላቸው ሰዎች መካከል ፈጽመው የዳኑ አሉ።

ሕክምና ከመጀመሩ በፊት መልስ ማግኘት ያለባቸው ሦስት ጉዳዮች አሉ፤ ከተጀመረ በኋላ ቢጠየቁ ብዙም አይረዱም።

አንደኛው የዕጢው የጥገና ፕሮቲኖች ምርመራ ነው፤ በፓቶሎጂ (በናሙናው ምርመራ) ወረቀት ላይ ኤም ኤም አር ተብሎ ይጻፋል። ሕዋስ ሲባዛ በዘረመሉ ላይ የሚፈጠሩ ስሕተቶችን የሚያርሙ ፕሮቲኖች አሉ፤ እነርሱ ከጎደሉ ዕጢው በስሕተት ይሞላል፤ በስሕተት የተሞላ ዕጢ ደግሞ ለሰውነት መከላከያ በቀላሉ ይጋለጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 በኒው ዮርክ በሚገኘው የስሎን ኬተሪንግ ካንሰር ማዕከል እንዲህ ዓይነት የፊንጢጣ ክፍል ካንሰር ለያዛቸው 12 ሰዎች የሰውነትን መከላከያ በዕጢው ላይ የሚያነሣ ዶስታርሊማብ የተባለ መድኃኒት ብቻ ተሰጣቸው። የአሥራ ሁለቱም ዕጢ ጠፋ፤ ቢላም ጨረርም አላስፈለጋቸውም። በ2025 ቁጥሩ 49 ደርሶ ውጤቱ አልተለወጠም። መድኃኒቱ ውድ ነው፤ የሚሠራውም ለጥቂቶች ነው። ግን ሳይመረመሩ ከጥቂቶቹ መሆንን ማወቅ አይቻልም።

ይኸው ምርመራ የቤተሰብንም ጉዳይ ይከፍታል። ከወጣት ታማሚዎች ከ5 ወይም ከ6 አንዱ በሽታውን የሚያመጣ የዘረመል ለውጥ ከወላጁ የወረሰ ነው። በብዛት የሚታየው ሊንች ሲንድሮም ይባላል። ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1895 በሚሺጋን አን አርበር ከተማ ነው፤ አንዲት ልብስ ሰፊ ለፓቶሎጂስቱ ለአልድሬድ ዋርቲን ዘመዶቿ ሁሉ በአንጀትና በማኅፀን ካንሰር እንደሚያልቁ፣ እርሷም እንደማይቀርላት ነገረችው፤ እንዳለችውም በወጣትነቷ ሞተች። እርሱ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ መዝግቦ በ1913 አሳተመ፤ ሔንሪ ሊንች ከ1960ዎቹ ጀምሮ ጉዳዩን በስፋት አጠና። ዛሬ ከ280 ሰዎች አንዱ ያህል ይህን ለውጥ እንደሚሸከም ይገመታል፤ ለልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ማወቁ ጥቅም አለው፤ የተሸከመው ሰው ከ20 እስከ 25 ዓመት ዕድሜው ጀምሮ በየ1 ወይም በየ2 ዓመቱ ኮሎኖስኮፒ እየታየ ፖሊፑን ከመክፋቱ በፊት ማስወጣት ይችላል።

ሁለተኛው ልጅ ነው። ዳሌ ላይ የሚሰጥ ጨረር የሴትን እንቁላል ማምረቻ ያቃጥላል፣ ማኅፀኗንም ይጎዳል፤ በ30 ዓመቷ ታርጣለች ማለት ነው። ኬሞውም እንደ ዓይነቱና እንደ ዕድሜዋ የራሱ ጉዳት አለው። ለወንድ የዘር ፈሳሽ ማስቀመጥ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ጉዳይ ነው። እንቁላል ማውጣትና ማቀዝቀዝ 2 ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ እንቁላል ማምረቻውን ከጨረሩ መንገድ በቀዶ ሕክምና ወደ ላይ ማንሣትም አለ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል መኖሩን ማወቅ ጥያቄውን ለመጀመር ይበቃል። ሐኪሙ ላያነሣው ይችላል፤ ሕይወት ለማትረፍ ሲጣደፍ ይረሳዋል፣ ወይም ታማሚው ስላላገባ ገና ነው ብሎ ያስባል። ያላገባው ሰው ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው።

ሦስተኛው የስቶማ ቦታ ነው። በቀዶ ሕክምናው አንጀት በሆድ በኩል ወጥቶ ሰገራ በከረጢት እንዲጠራቀም የሚደረግ ከሆነ፣ ቦታው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ታማሚው ቆሞም ተቀምጦም ታይቶ በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግበታል። ቀበቶ የሚያርፍበት ላይ ወይም ሲቀመጡ የሚታጠፍ ቆዳ ላይ ከሆነ ከረጢቱ አይይዝም፤ ሲያፈስ ይኖራል። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ የዓመታት ሰላም ይገዛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን

ኬሞው ብዙ ጊዜ ኦክሳሊፕላቲን የተባለ መድኃኒት ይኖርበታል፤ በየ2 ወይም በየ3 ሳምንቱ ይሰጣል፤ 3 ወይም 6 ወር ይፈጃል። ይህ መድኃኒት ብርድ አይወድም። ታማሚው በሐምሌ ጠዋት የብረት በር ሲነካ ጣቶቹን ኤሌክትሪክ የያዘው ያህል ይነዝረዋል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሲጠጣ ጉሮሮው የተዘጋ ይመስለዋል፣ ትንፋሹ ግን አልተቋረጠም፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀዋል። ስለዚህ ለብ ያለ ውኃ፣ ጓንት፣ ካልሲ፣ ማቀዝቀዣውን በሌላ ሰው ማስከፈት። ይህ የብርድ ስሜት ከቀናት በኋላ ይጠፋል። የማይጠፋው ሌላ ነው፦ ዙሩ እየበዛ ሲሄድ በእጅና በእግር ጣቶች ላይ ሊቀር የሚችል መደንዘዝ። ሸሚዝ መቆለፍ ካቃተ፣ ብዕር ከወደቀ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ መናገር ያስፈልጋል፤ መጠኑ ሊቀነስ ወይም መድኃኒቱ ሊቆም ይችላል። ወጣቶች ጠንካራ መስለው ለመታየት ይህን ይደብቃሉ። ልብስ ሰፊ፣ የጥርስ ሐኪም ወይም ክራር ተጫዋች ከሆኑ ጣት ማለት እንጀራ ነው፤ ይህንንም ለሐኪሙ ቀድሞ መንገር ይገባል።

ስቶማው ራሱ እንደ ከንፈር ውስጠኛ ገጽ ቀይና እርጥብ ነው፤ ሲነካ አያምም። ለብዙዎች ጊዜያዊ ነው፤ የተሰፋው አንጀት እስኪድን ቆይቶ ይመለሳል። ለአንዳንዶች ቋሚ ነው። ከትንሹ አንጀት የወጣ ከሆነ ፈሳሹ ቆዳ ስለሚያቃጥል የከረጢቱ ቀዳዳ ከስቶማው በጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ሰፍቶ መቆረጥ አለበት፤ ሲሦው ሲሞላ ባዶ ማድረግ ነው፣ እስኪከብድ አይጠበቅም። በቀን ከ1.5 ሊትር በላይ ከወጣ ሰውነት ይደርቃል፤ ያኔ ንጹሕ ውኃ ብቻ አብዝቶ መጠጣት ነገሩን ያብሰዋል፣ የሚያስፈልገው ለተቅማጥ የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ. ነው። ቡና ሲፈላ የሚቀርበው ፈንድሻና ቆሎ ደግሞ በጠባቧ መውጫ ላይ ተከማችቶ ሊዘጋት ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲኒውን መቀበል፣ ሰፌዱን ማሳለፍ። ከረጢቱ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ሲገኝ ከአንድ ወር በላይ የሚበቃ መያዝ ይሻላል።

ጸሎት ቤት መግባት፣ ስግደት፣ ውዱእ፣ ጾም፦ እነዚህን ታማሚዎች ይጨነቁባቸዋል፤ ብዙዎችም ሳይጠይቁ ቤት ይቀራሉ። የንስሐ አባትን ወይም ሼኹን ቢጠይቁ መልሱ ከሚፈሩት የቀለለ ሆኖ ያገኙታል።

ስቶማው ተመልሶ አንጀት ሲገጣጠም ሁሉም ነገር እንደ ቀድሞው ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይደነግጣል። የሰገራ ማጠራቀሚያው የመጨረሻ ክፍል ስለወጣ በቀን አሥር ጊዜ መመላለስ፣ መያዝ አለመቻል፣ ጨረስኩ ብሎ ከተነሡ በኋላ ወዲያው መመለስ አለ። ሕመሙ ስም አለው፣ ሕክምናም አለው፦ አንጀት የሚያዘገይ መድኃኒት፣ የዳሌ ጡንቻ ልምምድ፣ ለከበደበት በፊንጢጣ በኩል በውኃ ማጠብ። በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ለብዙዎች ይቀላል። እስከዚያው መጸዳጃ ቤት እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ መሄጃን በመጸዳጃ ቤት ማስላት የኑሮ አካል ይሆናል።

ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት ማንም አይጠይቅም፤ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። ዕጢው ዝቅ ብሎ የነበረ ከሆነ ቀዶ ሕክምናውና ጨረሩ የዳሌ ነርቮችን ሊጎዱ ይችላሉ። ወንዱ ብልቱ አልቆም ሊል ወይም የዘር ፈሳሽ ላይወጣው ይችላል፤ ሴቷ ድርቀት፣ ጥበትና ሕመም ሊገጥማት ይችላል። ለሁለቱም መድኃኒትና መፍትሔ አለ፣ በጊዜ ሲጀመርም ይበልጥ ይሠራል። የ30 ዓመት ሰው «ነፍስህ ተርፏል፣ ሌላው ይቅር» ሲባል ዝም ብሎ ይወጣል፤ ዝም ማለት የለበትም።

ሥራስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ። የስድስት ወር ኬሞ ከዚህ ፈቃድ ጋር ልክ ይገጥማል፤ ቀዶ ሕክምናው ግን አልተቆጠረም። ጨረር ለሚያስፈልገው ደግሞ ወረፋ አለ፤ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፣ አሁን ሌሎች ማዕከላት ቢጨመሩም ፈላጊው ይበዛል። ስለዚህ ብዙዎች ከኬሞው ሳምንት ውጭ ባሉት ቀናት በከፊል ይሠራሉ። ፈቃዱ ካለቀ በኋላ ከማልቀስ ከአሠሪ ጋር በመጀመሪያው ወር መነጋገር ይሻላል፤ የበሽታውን ስም መናገር ግዴታ ሳይሆን፣ የሚቀሩባቸውን ቀናት በጽሑፍ ማስያዝ ብቻ።

ሕክምናው ሲያበቃ ክትትሉ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወሩ ሲኢኤ የተባለ የደም ምርመራ፣ በየተወሰነ ጊዜ ሲቲ ስካን፣ ከቀዶ ሕክምናው አንድ ዓመት በኋላ ኮሎኖስኮፒ፤ በጠቅላላው 5 ዓመት። የሚመለስ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ዓመታት ነው። ከቀጠሮው በፊት ያለው ሳምንት እንቅልፍ ይነሣል፤ ይህ ጭንቀት ከልምድ ጋር ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ታማሚው በዚህ ጊዜ ምን ላድርግ ሲል ተልባና ጥቁር አዝሙድ የሚያዝለት አይጠፋም። በጥናት የተፈተነው ግን እንቅስቃሴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ በሆነ ጥናት ኬሞ የጨረሱ 889 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ለ3 ዓመት በአሠልጣኝ እየተመሩ እንቅስቃሴ ሠሩ፤ ለብዙዎቹ ይህ ማለት በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ነበር። ከ8 ዓመት በኋላ ከእነዚህ 90 በመቶ፣ የምክር ወረቀት ብቻ ከተሰጣቸው ደግሞ 83 በመቶ በሕይወት ነበሩ። አንዳንድ ውድ መድኃኒት የማያስገኘው ልዩነት ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ የወረቀት ነው። የፓቶሎጂ ውጤት፣ የኤም ኤም አር ምርመራ፣ የቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ፣ የተሰጡት መድኃኒቶች ስምና መጠን፣ የስካኑ ሲዲ፤ እነዚህ በአንድ ፋይል፣ በስልክም ፎቶ ተነሥተው ይቀመጡ። ከተማ ወይም አገር ሲቀየር ሐኪም የሚጠይቀው እነዚህን ነው። አንድ ቅጂ ለእኅትና ለወንድም ይሰጥ። የቅርብ ዘመዱ የታመመበት ሰው ኮሎኖስኮፒ የሚጀምረው በ40 ዓመቱ ወይም ዘመዱ ከታመመበት ዕድሜ 10 ቀንሶ ነው፤ ከሁለቱ የሚቀድመው ይወሰዳል። ወንድማቸው በ32 ከታመመ እነርሱ በ22 ይጀምራሉ፤ ያንን ካለፉም አሁኑኑ ይቀጠራሉ።